የሌለው ሃያ ሚሊ

«መረቀኝ እኮ! ‹ከጉልበት ሕመም የገላገልከኝ አንተ ነህ፣ እጅህ ይባረክ› ብሎ መረቀኝ!» ይላል ወንድሟ ከመስኮቷ ወዲያ፣ የጥርስ ሳሙና አፉን እንደሞላው እየሳቀ። ሚስቱ በቀስታ የሆነ ነገር ጠየቀችው። «ነርሱ ነዋ! ያ የመብራት ምሰሶ የሚያህለው። ዛሬ ደግሞ እህቱን ይዞ ይመጣል፤ እሷማ ከእሱም ትብሳለች አሉ። ዘመድ አዝማዱን አንድ በአንድ እየጎተተ ያመጣልኛል!» ተጉመጠመጠ፣ ጉሮሮውን ሳበ፣ ተፋ። ከዚያ እንደገና ሳቀ።

ሚጢጢ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ይህን ሁሉ ሰማች። ሚጢጢ የሚሏት ቁመቷ ከሱቁ ባንኮኒ እምብዛም ስለማይዘል ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷትም ስሙ አልለቀቃትም። ክፍሏ ከወንድሟ የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ ጀርባ ያለች፣ ግማሿ ጎማ የተቆለለባት፣ መስኮቷ ከግቢው መታጠቢያ ገንዳ ላይ የሚከፈት ጠባብ ክፍል ናት፤ ስለዚህ ወንድሟ በየጠዋቱ አፉን ሲያጥብ ምራቁ ገንዳው ላይ ሲያርፍ ሳይቀር ይሰማታል። አሥራ አንድ ዓመት ሰምታዋለች፣ ለምዳዋለችም። ዛሬ ግን መስማት አልቻለችም። ካልሲውን ጥላ መስኮቱን ዘጋች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉን ከመሃለኛው ጥርስ ጋር የሚያያይዘው፣ እግር የሚያዞረው ብረት ክራንክ ይባላል። ርዝመቱ በሚሊ ሜትር በውስጥ በኩል፣ ፔዳሉ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ፣ በትንንሽ ቁጥር ተመትቶበታል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፣ ያየውም በማስመሪያ አያረጋግጥም። ረጅም ሰው ረጅም ክራንክ ይስማማዋል የሚለውን ወሬ ወንድሟ ከየት እንደሰማው አይታወቅም። ወሬው ጭራሽ ውሸት አይደለም፤ እግሩ የረዘመ ሰው አምስት ወይም አሥር ሚሊ የጨመረ ክራንክ ሊመቸው ይችላል። ግን ክራንኩ በረዘመ ቁጥር ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ ይህ መዳኛ ሳይሆን ማባባሻ ነው። ሚጢጢ ይህን ለወንድሟ ነግራዋለች። እሱ ግን በሱቁ በር ላይ «ለረጃጅሞች ልዩ ክራንክ፣ ከውጭ የመጣ» የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። ከውጭ የመጣ ነገር አልነበረም። የነበረው 165 የተመታበት አንድ ካርቶን ተራ ክራንክ ነው። መሃለኛውን ቁጥር በሞረድ ማጥፋት፣ በቦታው 8 መምታት፣ ጥቁር ቀለም መንፋት፤ በቃ። ሁለት ሺህ ብር የነበረው በስድስት ሺህ ተሸጠ። ቁጥሩን የምትመታው ሚጢጢ ነበረች። የወንድሟ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ያጣምመዋል፣ የእሷ ግን ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። «እጅ ማለት ይሄ ነው!» ብሏታል አንድ ቀን ብርሃን ላይ ይዞ እያየው። አብራው ስትሠራ ሲያመሰግናት ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ ብሏትም ነበር። አሁን ያንን ደስታዋን ስታስታውሰው ራሷ ቀፈፈቻት።

ነርሱ የመጣው ከሁለት ወር በፊት ነው። ከቤት ቤት እየዞረ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ በሽተኞችን ቁስል የሚያጥብ፣ ሲቆም የሱቁ አምፖል ግንባሩን የሚነካው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ሚጢጢ ችግሩን ገና ከብስክሌቱ ሳይወርድ አየችው። ኮርቻው ወርዷል፤ ፔዳሉን ባዞረ ቁጥር ጉልበቱ እጀታውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። አንድ መፍቻ፣ ሁለት ደቂቃ፣ በነጻ። አፏን ልትከፍት ስትል ወንድሟ ዓይኑን ጣለባት፤ ያችን አስተያየት ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃታለች። ወደ ሥራ ጠረጴዛው ዞረች። ወንድሟ ነርሱን ግድግዳ አስደግፎ፣ በእግሮቹ መሃል መጽሐፍ አስይዞ፣ በሜትር ለካው። ወረቀት ላይ አባዛ፣ አካፈለ፣ ከንፈሩን መጠጠ። «መቶ ሰማንያ አምስት ነው የሚያስፈልግህ» አለ ልክ እንደ ሐኪም። ክራንኩን የገጠመችው ሚጢጢ ናት፤ ስትገጥም ኅሊናዋ ቆረቆራትና ማንም ሳያያት ኮርቻውን አራት ጣት ከፍ አደረገችው። ያን ቀን በጎ ነገር የሠራች መስሏት እንቅልፍ ወሰዳት። በሳምንቱ ጉልበቱ ተሻለው፤ እሱም ያዳነው ክራንኩ መሰለው፤ ለበሽተኞቹ፣ ለበሽተኞቹ ልጆች፣ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲህ ረጃጅሞች ጎንበስ እያሉ በሱቁ በር መግባት ጀመሩ።

ቁርስ ላይ ወንድሟ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላ ነበር። የእንቁላል አስኳል ጢሙ ላይ ደርቋል፣ ማንም አልነገረውም። ሚስቱ፣ ሚጢጢ እትዬ የምትላት፣ የጠረጴዛውን ልብስ በጣቷ ታስተካክላለች፤ በዚህ ቤት ቁርስ ላይ የሚናገረው አንድ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ለነርሱ እውነቱን ብንነግረው ምን አለበት?» አለች ሚጢጢ።

«የምን እውነት?» አለ ዳቦውን እያላመጠ። «እውነተኛውን 185 ብሰጠው ኖሮ ጉልበቱ ይብስበት ነበር ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ታዲያ አዳንኩት እንጂ ምን በደልኩት? ሰው ውለታ ሲሠራ ደግሞ...» ሳቁ መጣና አነቀው፤ የተላመጠ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ረጨ። እትዬ ተነስታ በጨርቅ ጠረገችው። ሚጢጢ የራሷን ሻይ ትታ ወደ ሱቁ ወጣች።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ብረት አጥብቆ ከሚይዘው ሞርሳ አጠገብ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠበቃት። ስትፈታው አንድ ጥንድ ክራንክ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከዚህ በፊት ካየችው ሁሉ የረዘመ። መጀመሪያ እውነትም ከውጭ መጣ ብላ ልቧ ቀለል አላት። ከዚያ በአውራ ጣቷ መሃሉን ስትዳስሰው ትንሽ እብጠት አገኘች። በጥፍሯ ፋቀችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ እንደ ቆዳ ተላጠ፤ ከሥሩ ማጣበቂያ፣ ከማጣበቂያው ሥር አረፋ አረፋ የመሰለ ግራጫ ብየዳ። ለሁለት ተቆርጦ፣ መሃሉ ላይ ቁራጭ ገብቶበት፣ በያጅ ጋ ሄዶ የተቀጠለ ነው።

«የእህትየዋ ነው» አለ ወንድሟ ከኋላዋ መጥቶ፣ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ። «ሁለት መቶ ሚሊ አድርግላት አለኝ ነርሱ በስልክ። እሷ ደግሞ ጣጣ ነገር ናት፤ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አድርጌ ካላየሁ አልገዛም ብላለች። ቁጥር ብቻ አይበቃማ! ርዝመት ይዞ መገኘት ነው።»

«ይሰበራል።»

«አይሰበርም።»

«ጋሼ፣ አሉሚኒየም ነው፤ ብየዳ አይጸናበትም። ቁልቁለት ላይ ቆማ ስትረግጠው ነው የሚለቃት።»

«ልጇን ከኋላ ጭና ነው የምትሄደው አሉ» አለ። «ቀስ ብላ ነው የምትነዳው።» ይህን ያለው ሊያጽናናት ነበር። የክብሪት እንጨቱን አውጥቶ ጫፉን አየት አደረገና ወለሉ ላይ ጣለው።

ጠዋቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ስትሠራ ቆየች፤ የተነፋች ጎማ እንደገና ነፋች፣ የጠበቀ ብሎን አጠበቀች። ነርሱና እህቱ የደረሱት ከምሳ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እህትየው በእርግጥም ትረዝማለች፤ ሱሪዋ ቅልጥሟ ላይ አልቋል፣ የሹራቧ እጅጌ ክርኗን አልፎ ብዙም አልሄደም፣ ትከሻዋን ሰብስባ መቆም የለመደች ናት። ነርሱ በሩን ተሻግሮ መጀመሪያ የጨበጠው የሚጢጢን የተቀባባ እጅ ነው። «ግድ የለም፣ ዘይቱ ምንም አይለኝም። ይቺ ናት በእጇ የገጠመችልኝ» አላት ለእህቱ፤ ከዚያ ወደ ሚጢጢ ዞረ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች በሽተኛዬ ጋ አሁን እየሮጥኩ ነው የምወጣው። በየሄድኩበት ነው የማነሳሽ።» ሚጢጢ መሬት መሬቱን አየች። ምስጋናው እንደ ላብ አንገቷ ሥር ተጣበቀባት።

የሚጢጢ ወንድም ክራንኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ጎን ወደ ራሱ አዙሮ ለእህትየው አሳያት። አሮጌው ከጎኑ ሲቀመጥ በሁለት ጣት ያንሳል። እህትየው ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና እንደ ልጅ። «ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነገር ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አለች።

«ግጠሚላት፣ ሚጢጢ» አለ ወንድሟ።

ሚጢጢ ክራንኩን ተቀበለች። ወደ ብስክሌቱ አልሄደችም። ሞርሳው ውስጥ አስገብታ እስኪበቃው አጠበቀችው፣ ከግድግዳው ላይ ትልቁን መዶሻ አወረደች። ወንድሟ «ምን ልትሆኚ ነው?» ሲል መታችው። ቀለሙ ተሰነጠቀ። «አንቺ!» ሲል ደግማ መታችው፤ ክራንኩ ለሁለት ተሰበረና ግማሹ ተፈናጥሮ መደርደሪያው ሥር ገባ። በሞርሳው ውስጥ የቀረው ጉራጅ ውስጡ እንደ ቆየ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነበር።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ነርሱ ጉራጁን ጎንበስ ብሎ አየው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«የእኔስ?»

«የእርስዎ አይሰበርም» አለች። «ግን 185 አይደለም። 165 ነው። ቁጥሩን የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ጉልበቴ ተሽሎኛል እኮ።»

«ኮርቻው ወርዶ ነበር። ያን ዕለት ሳላስታውቅ ከፍ አደረግኩልዎት።»

«ከመጀመሪያው አይተሽዋል?»

«አዎ።»

«እሱን ለማስተካከል ስንት ይጠየቃል?»

«ምንም።»

ነርሱ ሃያ ዓመት ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው፤ መግል አይቶ ፊቱን አያዞርም። ከእሷ ላይ ፊቱን አዞረ። «ቁና ቁና እየተነፈሰ ለተኛ ሰው ነግሬዋለሁ» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ቁስሉን እያጠብኩ። ለልጁ እንዲገዛለት።» ብስክሌቱን ሳይወጣበት በእጁ እየገፋ ወጣ። እህትየው በሩ ላይ ዞር ብላ የሚጢጢን ወንድም፣ ያንን የሚያወራውንና አሁን አፉ የተለጎመውን ሰው፣ አየችው። «ልጄን እኮ ነው የምጭንበት» አለች። በሩን ስትወጣ ጎንበስ ማለት ረስታ ግንባሯን መታችው፤ አላሸችውም።

ወንድሟ አልጮኸም። መጮኽ ይሻል ነበር። ተጠግቷት፣ የሻይና የእንቁላል ትንፋሹ ፊቷ ላይ እያረፈ፣ «ያበላሁሽ ለዚህ ነው?» አለ። «እናትና አባታችን ሲሞቱ ማን ሰበሰበሽ? ይሄን መዶሻ እንዴት እንደሚያዝ ማን አሳየሽ? ብየዳ ብየዳ ትላለች! ያኛው ይኸው ሳምንት ሙሉ እየነዳው አይደል እንዴ? ምን ሆነ?»

«የቱ ያኛው?»

ወንድሟ ወደ ጃኬቱ ዞረ።

«ጋሼ፣ የቱ ያኛው?»

ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አንስቶ፣ የሱቁን በር በእግሩ መልሶ ወጣ። ስልክ ስትደውልለት ጥሪውን ዘጋው። ደግማ ስትደውል ስልኩ ራሱ ተዘግቷል።

ወጥ ቤት ስትገባ እትዬ ሳህን እያጠበች ነው። ውሃው ቅባት ለብሷል፣ የጠዋቱ የዳቦ ፍርፋሪ ይዋኝበታል። ሚጢጢ ከበሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እነዚህ ሁለት ሴቶች አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ስለ አንድ ሰው ተነጋግረው አያውቁም፣ እሱም አሁን በሩን መልሶ የወጣው ሰው ነው። እትዬ ከሱቁ የተባለውን ሁሉ ሰምታ ኖሮ፣ የመጨረሻውን ሳህን ደፍታ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ጓዳ ገብታ የደንበኞች ስልክ የሚጻፍበትን ደብተር ይዛ መጣች፣ ገለጠች፣ አንዱን ገጽ ቀደደችና ሚጢጢ ጭን ላይ አኖረችው። በእትዬ የልጅ ጽሕፈት «መስታወት ገጣሚው፣ ረጅሙ» ይላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ «ከውሃ ታንከሩ በታች ሰማያዊ በር»።

«ሐሙስ፣ አንቺ ለጥርስሽ ሐኪም ቤት በሄድሽበት ቀን ነው የገጠመለት» አለች። «አሮጌውን የጠቀለልኩለት እኔ ነኝ። አዲሱን ሳቀብለው ቀለሙ እጄ ላይ ለቀቀ።»

«ምንም አላልሽም?»

«ታጠብኩት» አለች እትዬ፣ እጇን እያየች።

የመስታወት ገጣሚው ስልክ አይሠራም። ሚጢጢ ብስክሌቷን አውጥታ ወደ ውሃ ታንከሩ ነዳች። መንገዱ አቀበት ነው፤ ቆማ እየረገጠች፣ ሙሉ ክብደቷን በአንድ እግር ላይ በጣለች ቁጥር ጉራጁ ዓይኗ ላይ ይመጣል። ሰማያዊውን በር ስታንኳኳ አጠር ያሉ፣ ደንደን ያሉ ሴትዮ ከፈቱላት፤ የገጣሚው እናት ናቸው። ከየት እንደመጣች ስትነግራቸው ፊታቸው በራ። «ከዚያ ከክራንኩ ሱቅ? ግቢ ልጄ፣ ግቢ! እግዜር ይስጣችሁ። ይኸው ልጄ ከሐሙስ ጀምሮ ደስ ብሎት ሥራ ይሄዳል።»

«እማማ፣ አሁን የት ነው ያለው?»

«ላይኛው ሰፈር መስኮት ሊገጥም ሄዷል። አሁን ይደርሳል፣ ሲመለስ ቁልቁለት አይደል? ይወርደዋል እንደ ወፍ።»

በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ጠየቀች። ሁለት መንገድ አለ፣ አንዳንዴ በዚህ አንዳንዴ በዚያ ይመጣል አሏት። አንዱን መርጣ ብትሄድ በሌላው ቢመጣስ? ከበሩ ደፍ ላይ መንገዱን እያየች ተቀመጠች። እናትየው በብርጭቆ ሻይ አመጡላት፤ አልፈልግም ብትልም አስያዟት። ልጃቸው በአሥራ አምስት ዓመቱ በዚህ በር ግንባሩን ሳይመታ መግባት እንዳቃተው፣ አልጋ ተሠርቶለት እንኳ እግሩ ወጥቶ እንደሚያድር፣ ሰው ሁሉ እንደሚስቅበት አወሩላት። «እናንተ ግን በልኩ አደረጋችሁለት» አሉ። ሻዩ ጣፋጭ ነበር፤ አንድ ጊዜ ፉት ብላ ብርጭቆውን በእጇ እንደያዘች መንገዱን ማየት ቀጠለች። ልትነግራቸው ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ልጁ መንገድ ላይ እያለ ይህን ለእናት መናገር አልሆንላት አለ። ወይም ፈራች፤ ለራሷ የተናገረችው ሁለተኛውን ነው።

ፀሐይ ከታንከሩ ጀርባ ስትገባ ልጁ ከሁለቱ መንገዶች በአንዱ ብቅ አለ። ብስክሌቱን እየገፋ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ነው የሚመጣው። ከኋላ ያለው የመስታወት መያዣ እንጨት ባዶውን ተንጠልጥሏል። የግራ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎታል፣ ሸሚዙ ቀልቷል። በቀኝ እጁ ከብስክሌቱ እጀታ ጋር አብሮ የያዘው ፔዳሉ ሳይወልቅ የተሰበረውን ክራንክ ነው። እናትየው «ወየው ልጄን!» ብለው ሮጡ። እሱ ግን «ደህና ነኝ እማ፣ ደህና ነኝ፤ የተረፈው መስታወት ብቻ ነው የተሰበረው» አለ። ከዚያ ደፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ሴት፣ ልብሷ ላይ ያለውን ዘይት አየ።

«ከሱቁ ነሽ?»

«አዎ።»

ረጅሙ ሰው አንገቱን ደፋ። «ነገ ራሴ ልመጣ ነበር» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ሰበርኩት። መታጠፊያው ላይ ነው፣ ቆሜ ስረግጠው። ምን ላድርግ፣ ይሄ ሰውነቴ የያዘውን ሁሉ ይሰብራል። ወንድምሽ እንዳይቀየመኝ ንገሪልኝ፤ ስንት ለፍቶ ከውጭ ያስመጣልኝን።» ደም ያለበትን ጉራጅ የውሰት ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ዘረጋላት።

ሚጢጢ ተነሳች። ስትቆምም ደረቱ ጋ አልደረሰችም። «አንተ አይደለህም የሰበርከው» አለች። «ከውጭም አልመጣም። ቆርጠው፣ በይደው፣ ቀለም ቀብተው...» አለችና ቆመች፤ ትንፋሽ ወሰደች። «ቆርጠን፣ በይደን፣ ቀለም ቀብተን ነው የሰጠንህ። ማንም ቢረግጠው ይሰበር ነበር።»

ሰውየው የገባው አይመስልም፤ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። የገባቸው እናትየው ናቸው። የልጃቸውን ክንድ ለቀቁ፣ ወደ ሚጢጢ ተመለሱና ገና ግማሹም ያልተጠጣውን ብርጭቆ ከእጇ ወሰዱት።